ለሽማግሌዎቹ ያቀረብኩት ሻይ

ድሮ ቢሆን፣ ሻይ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ ይሸጣል የሚለኝን ሰው ሂድ ወዲያ፣ አትቀልድ እለው ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ኬላው አጠገብ አዲስ የተከፈተው ሱቅ ገብቼ፣ የመስታወት በር ባለው ፍሪጅ ውስጥ ከለስላሳው ጎን ተደርድሮ አየሁት። የሎሚ ሥዕል ተለጥፎበታል። ምንድነው ብዬ ብጠይቃት ሻጯ ልጅ ፈገግ አለችና ቀዝቃዛ ሻይ እንደሚባል፣ አዲስ የመጣ ነገር እንደሆነ፣ የናይሮቢ ልጆች ነፍሳቸው እንደሆነ አስረዳችኝ። ማንን እንደምታስረዳ በምን ትወቅ። ገዛሁና ደጃፉ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ቀመስኩት። ስኳር የበዛበት ውሃ ነው፤ ሻይ በአጠገቡም ያለፈ አይመስልም። ቢሆንም ጨረስኩት። የሎሚው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የዚያን ጊዜዋ ሞያሌ ከነአቧራዋ መጥታ ፊቴ ቆመችና ተነስቼ መሄድ አቃተኝ።

ያኔ እኔ ባለሁበት በኬንያው ሞያሌ አስፋልቱ አልገባም ነበር። ከናይሮቢ የተነሳ የጭነት መኪና በረሃውን እየተንገጫገጨ ሲያቋርጥ ቀናት ይፈጅበታል፤ ዝናብ ከጣለማ መቼ ይደርሳል ተብሎም አይጠየቅ። ከጭነቱ ላይ ሰው፣ ከሰው ሥር ፍየል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ አቧራ ለብሰው ይወርዳሉ፤ ነጋዴው ከእረኛው የሚለየው ፊታቸውን ከታጠቡ በኋላ ነው። የእኔ ሆቴል መኪኖቹ ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ነበር። ሆቴል ስል አልጋ ያለው እንዳይመስላችሁ፣ እዚህ ሆቴል የሚባለው ምግብ ቤት ነው። ቆርቆሮ ጣራ፣ ሰማያዊ ግድግዳ፣ አራት ጠረጴዛ፣ ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ መርጦ ያመጣው አንድ ትልቅ ፍሪዘር፣ ይኸው ነው። በስተግራዬ የሌሶ ሱቅ ነበር፤ ቀዩና ቢጫው ጨርቅ በር ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ሲመታው ከሩቅ ሰው ይጠራል። በስተቀኜ ዘፈን የሚቀዳ ሱቅ ነበር። ጠዋት የአማርኛ ትዝታ ይከፍታል፣ ቀትር ላይ የቦረና ዘፈን፣ ሾፌሮቹ ሲገቡ ደግሞ የስዋሂሊ ጭፈራ፤ በድምፅ ማጉያው ብቻ ሰዓቱን አውቅ ነበር። ትኩስ ሻይ አሥር ሺሊንግ ነበር። ብር የያዘም በብር ይከፍላል፣ ማንም ፊቱን አያጠቁርም። ልጅ አልሰጠንም ነበርና ባለቤቴ ሲሞት ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል ብቻዬን ቀረሁ። ወንድሜ የሚኖረው ይርጋለም ነው፤ ዕቃሽን ሸጠሽ ነይ ይለኛል፣ ሄጄስ የማንን ደጅ እጠብቃለሁ እያልኩ ተውኩት።

ጎዳና የሚባል ሾፌር ነበር። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ስሙን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም፤ ሾፌር ሆኖ ደግሞ ጎዳና! በቦረና ግን ደህና ስም ነው፣ ቤተሰቡ ከሰፈር ሰፈር ሲጓዝ የተወለደ ልጅ ይጠራበታል። አባቱ የጎዶማ ቦረና ናቸው። እናቱ ከዲላ በኩል የመጡ ክርስቲያን ስለነበሩ እሱም ተጠምቆ፣ በዓል ሲሆን ድንበሩን ተሻግሮ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ኬንያ ተወልዶ ኬንያ ያደገ ነውና አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። እኔን አንተ፣ መኪናውን እሷ፣ የሌሶ ሻጯን ሴትዮ እሱ ይላል። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል። ሌላው ሾፌር አቧራውን እንደለበሰ እየተንጎማለለ ሲገባ፣ እሱ ከመቀመጫው ሥር በፌስታል የያዘውን የተተኮሰ ሸሚዝ ከከተማው መግቢያ ላይ ቀይሮ ነው የሚመጣው። ለማን ብለህ ነው ብዬ ስቀልድበት አንገቱን ያቀረቅራል።

ቀዝቃዛ ሻይን ያመጣብኝ እሱ ነው። ሞምባሳ ወደብ ጭነት ሲጠብቅ አንድ ቤት ጠጥቶ፣ ያን ሲያወራልኝ እጁን እያወናጨፈ ነው፤ ብርጭቆው እንዴት እንደሚያልበው፣ ሎሚው ከላይ እንዴት እንደሚንሳፈፍ። እኔ ሳቅሁ። የበረደ ሻይማ እኛም ቤት ሞልቷል፣ እንግዳ ረስቶት የሄደውን ላጠራቅምልህ አልኩት። በእኛ ነገሩ እንደዚያ ነዋ። ሻይ ሳይበርድብህ ጠጣ ነው የሚባለው። የበረደ ሻይ የቀረበለት ሰው ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረኝም ብሎ ቢነሳ አይፈረድበትም። እሱ ግን በሚቀጥለው ጉዞው አንድ መረብ ሎሚ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሞክር አለኝ። ሞክሪ ማለቱ ነው።

እንዲህ ቀላል መሰላችሁ? መጀመሪያ እንደልማዴ ቀረፋውንም ቅርንፉዱንም ጨምሬ አፈላሁና፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ስኳር ባደርግበት ስኳሩ እንደ አሸዋ ሥሩ ተኛ። ቀጥሎ ይጠንክር ብዬ ብዙ ባንተከትከው እንደ ኮሶ መረረ። ሌላ ቀን ደግሞ ቸኩዬ በትኩሱ ፍሪዘር ውስጥ ብከተው ደፈረሰ፤ ፍሪዘሩም ሲያጉረመርም ዋለ። ትክክለኛው እንዲህ ነው። ውሃው የዝናብ መሆን አለበት፣ የጉድጓዱ ጨው አለበትና የሻዩን መልክ ይገድለዋል። እኔ ከጣራው የወረደውን በበርሜል አጠራቅም ነበር። ሲፈላ ከእሳት ታወርዱና ያን ጊዜ ቅጠሉን ትጨምራላችሁ፤ በረዶው ኋላ ያቀጥነዋልና ለትኩስ ሻይ ከሚበቃው እጥፍ አድርጉት። ከድናችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ አንድ አጭር ወሬ እስኪያልቅ ያህል፤ ከዚያ ካለፈ ይመራል። አጥልላችሁ፣ ስኳሩን በትኩስነቱ ነው፤ በማንኪያው ሥር ኮሽታ እስከማትሰሙ አማስሉ። ብርድ ምላስን ያደነዝዛልና ትንሽ በዛ ቢል ግድ የለም። ቅርንፉድ አንዲት ብቻ፤ በቀዝቃዛ ሻይ ላይ ቅርንፉድ ካልነገሥኩ ይላል። ቁንጢት የዳቦ ሶዳ ጣል ብታደርጉበት ምሬቱን ያነሳዋል፤ ይህችንም ከሞምባሳ ያመጣት ጎዳና ነው። ከዚያ በጨርቅ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጡትና ራሱ ይብረድ፣ አትቸኩሉበት። ወደ ፍሪጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሎሚው የመጨረሻ ነው፤ በትኩስ ላይ ሎሚ ከጨመቃችሁ ሻዩ ይነጣል። በረዶውን በላስቲክ ቋጥሬ አረጋና በዘነዘና እሰብረው ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ ደግሞም ይጠፋል፣ ፍሪዘሩን ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ። የሚበርደውን ነገር ብርድ ልብስ ታለብሳለች እያለ ሰፈሩ ሳቀብኝ።

ደህና ሆኖ የወጣለት ቀን ጎዳና ብርጭቆውን ግማሽ ድረስ ጠጥቶ አስቀመጠው። ክፉ ነው እንዴ ብዬ ልቤ ፈራ። ኋላ፣ እሱ ነው፣ ከሞምባሳውም ይበልጣል አለኝ። ሾፌሮቹ እየቀመሱ ለመዱት፤ ስሜም ማማ ባሪዲ ሆነ፣ ባሪዲ በስዋሂሊ ቀዝቃዛ ማለት ነው። እታፈራሁ የሚለኝ ከቤተ ክርስቲያን ሰው በቀር እሱ ብቻ ቀረ። አንድ ጊዜ ስሙን የማላውቀው ባለ ዩኒፎርም ገብቶ ቆመና፣ ማማ፣ ቻይ የለም? አለኝ። እዚህ ቻይ ሲሉ ከሻይ ሌላ ጉቦም ማለት እንደሆነ ያኔ በደንብ አልገባኝም ነበርና ከበረዶ ጋር ቀድቼ ሰጠሁት። አየኝ፣ ብርጭቆውን አየው፣ ጠጥቶ ጨርሶ እየሳቀ ወጣ። ጾም ሲገባ ደግሞ የኬንያው ሻይ በወተት የሚፈላ ስለሆነ የእኛ ሰዎች ለእኔው ቀዝቃዛ ይመጣሉ። በረዶ ሲያንስ ግን ሕግ ነበረኝ፤ ትኩሱ ለመንገደኛ፣ ቀዝቃዛው ለወዳጅ። ደንበኞቼ ሁሉ ያውቋታል። ጎዳና በረዶ ባለቀበት ቀን እንኳ ቀዝቃዛ አጥቶ አያውቅም፣ እሱም ይህን ያውቃል። ከጥጉ ጠረጴዛ ተቀምጦ ስለ መንገዱ ያወራኛል፤ የት ጎማ እንደፈነዳ፣ የት ዝሆን እንዳቆመው። እኔ በርበሬ እየቀነጠስኩ እሰማለሁ። ሲሄድ ቤቱ ጭው ይልብኛል። ሰው ለምዶ ማጣት ከብቸኝነትም ይከፋል፤ ባሌ የሞተብኝ ጊዜ ያወቅሁትን እንደገና ማወቅ ጀመርኩ።

አስፋልቱ ከተማችን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ጎዳና ሒሳቡን ከፍሎ በሩ ላይ ቆመና፣ «እሁድ ሰው ይመጣል። ሰው ብቻ ነው፣ አትደንግጥ» አለኝ። ገባኝ። አርባን ያለፈች ሴት ሽማግሌ ሲላክባት ምን እንደሚሰማት ልንገራችሁ፤ እንደ ልጃገረድ ያስፈራል፣ ከልጃገረድ ይበልጥ ደግሞ ያስለቅሳል። ብቻዬን አላረጅም ማለት ነው፣ ሌላ ምን ፈልጌ ነው? ነጠላዬን አጠብኩ፣ ግድግዳውን ወለወልኩ። መጥፎ ሆኖ ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ነበር። ያለችኝን በረዶ ለማንም አልሰጥም ብዬ፣ ፍሪዘሩን ከነብርድ ልብሱ ቆልፌ፣ ደንበኛ ሁሉ ትኩስ ጠጥቶ እንዲሄድ አደረግሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው አቶ ጌጡ የማዶ ሰው ናቸው፤ እህል ነጋዴ፣ ደብሩ የሚያከብራቸው፣ ቤቴን ግን ረግጠው የማያውቁ። ሁለተኛው የጎዳና አጎት ናቸው፤ ከኡራን መንደር በጭነት መኪና የመጡ፣ አማርኛ እምብዛም የማይሰሙ። ሦስተኛው የእናቱ ዘመድ ነው፣ ሲስል ብቻ ነው ድምፁን የሰማሁት። አስቀመጥኳቸውና ገና ወሬ ሳይጀምሩ ሦስት ረጃጅም ብርጭቆ፣ በረዶው እየተንኳኳ፣ ሎሚው ከላይ፣ ፊታቸው ደረደርኩ። አቶ ጌጡ ብርጭቆውን ነካ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ትኩስ የለም ወይ ልጄ?»

«ትኩሱማ ለመንገደኛ ነው አባቴ። ለእናንተ ያለኝ ቀዝቃዛው ነው» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

ረዘም አድርገው አዩኝ። ዞር ብለው ለአጎትየው በቦረንኛ አንድ ነገር ሹክ አሏቸው፤ አጎትየውም ያነሱትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ የመጡበትን ነገር ተናገሩ፣ ባጭሩ፣ የሚቸኩል ሰው እንደሚናገር። እኔም መሬት መሬት እያየሁ፣ ከወንድሜ ጋር ልማከርና ተመለሱ አልኩ። በእኛ ባህል ሽማግሌ መጀመሪያ በመጣበት ቀን እሺ የሚል ማን አለ? ጎረምሳ እንኳ ያውቀዋል። አቶ ጌጡ «ገብቶናል» ብለው ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ሲወጡ ባይ ብርጭቆዎቹ እንደሞሉ ናቸው። ጥርሳቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው፣ ሽማግሌ በረዶ ይነዝረዋል፤ ሲመለሱ አድቅቄ ነው የማደርግላቸው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ወንድሜ በስልክ እልል አለ። እኔም በሚቀጥለው እሁድ ሻዩን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። በሚቀጥለውም። በረዶው ይቀልጣል፣ ሻዩን ለጎረቤት አድላለሁ፣ ቅዳሜ ሲሆን እንደገና አፈላለሁ። ማንም አልመጣም። ደውለሽ ጠይቂው ትሉኝ ይሆናል። ሽማግሌ ለላከ ወንድ፣ ሽማግሌህ የት ቀረ ብላ የምትደውል ሴት በእኛ ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ። ልጅ እንደሌለኝ አስበውበት ይሆናል አልኩ። አርጅታለች ብለውት ይሆናል አልኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ዕድሜዬን መቁጠር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። በዚህ መሀል አስፋልቱ ገባና መኪና ሁሉ በአንድ ቀን ከናይሮቢ ደርሶ በአንድ ቀን ይመለስ ጀመር። ሜዳው ላይ የሚያድር ጠፋ። ከተማው ተደሰተ፤ ቲማቲሙ ሳይበሰብስ ይደርሳል፣ በሽተኛው በመንገድ አይሞትም፣ እኔም መደሰት ነበረብኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ደጃፌ ስረጭ የጎዳና መኪና በዝግታ አለፈች። የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሷል፣ ኮፍያውን ደፍቷል። እጁን ብድግ አደረገልኝ። እኔም አነሳሁለት። ቆም ይላል ብዬ ነበር፣ አልቆመም። ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ኋላ ወደ ሞምባሳ መስመር መዛወሩን ሰማሁ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ የድሮ ደንበኛዬ፣ እሱም ሾፌር፣ ምሳውን በልቶ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ ያ ጎዳና እኮ ሞተ፣ ታሞ ከርሞ እዚያው ሞምባሳ ተቀበረ አለኝ። ሌላ ሳያገባ ነው የሞተው አለ። እኔም ነፍስ ይማር ብዬ ሳህኑን አነሳሁ። ጥቁር መልበስ አማረኝ፤ ግን ምኑ ነሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ሚስቱ አይደለሁ፣ ዘመዱ አይደለሁ። እርሙን ለማውጣት እንኳ ሰው የሆነ ነገር መሆን አለበት። ለነገሩ ፍሪዘሩም ያኔ ተበላሽቶ ነበር፤ አላስጠገንኩትም፣ ትኩስ ብቻ መሸጥ ቀጠልኩ።

አምና ዓይኔን ጭጋግ ነገር ጋረደኝና፣ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል ሲባል ማዶ ተሻግሬ ተራ ያዝኩ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ወለሉን እየዳሰሱ ተቀመጡ። አቶ ጌጡ ናቸው። ዓይናቸው ጨርሶ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር ሰላም ስላቸው በድምፄ ነው የለዩኝ። እጄን ያዙ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ንግዴ ጠየቁኝ። ጎዳና መሞቱን እንደሰማሁ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያን ቀን ያደረግሽውን ለማንም አልተነፈስኩም፣ አደራ ጠባቂ ነኝ አሉኝ። ምን አደረግሁ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የቀዘቀዘ ሻይ ሰጥተሽ መሸኘትሽን ነዋ። እምቢታሽን ከአፍሽ ሳታወጪ መናገርሽ ጨዋነት ነው ብለን ነው የተነሳነው። ሠፈር ውስጥ ቤትሽን ስንጠይቅም ቀዝቃዛዋ ሴትዮ ነበር ያሉሽ፣ ነገሩ ገጠመልን።»

«እሱስ ምን አለ?» አልኳቸው።

«አልፈቀደችም አልነው። አላመነም። ‹ምን ጠጣችሁ?› ብሎ ጠየቀኝ። ሻይ አልኩት። ‹ቀዝቃዛ ነው ትኩስ?› ብሎ አፋጠጠኝ። አንቺም በክፉ እንዳትነሺ፣ እሱም ተዋረድኩ እንዳይል ብዬ፣ ኧረ ትኩስ ነው፣ አፍ የሚያቃጥል አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዋሸሁ። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።»

ትኩሱ ለመንገደኛ፣ አልኩ በልቤ። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «አጠፋሁ እንዴ ልጄ?» አሉ።

ምን ልበላቸው? ሰማንያ ዓመት የተሻገሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ደግ ሠራሁ ብለው ያን ሁሉ ጊዜ ምስጢሩን የያዙትን ሰው። «አላጠፉም አባቴ፣ ደግ ነው ያደረጉት» አልኳቸው። ስማቸው ሲጠራ ክንዳቸውን ይዤ እስከ በሩ አደረስኳቸው፤ ካርድ ልታወጣ ገብታ የነበረች የልጅ ልጃቸው ከውስጥ ተቀበለቻቸው።

የእኔም ተራ ደረሰ። ነርሷ ዓይኔ ላይ ጠብታ አደረገችልኝና ለጥቂት ሰዓት እንደማላይ፣ ብቻዬን መንገድ እንዳልገባ አስጠነቀቀችኝ። «የሚመራሽ ሰው ይዘሻል እናቴ?» አለችኝ።

«ማንም የለኝም» አልኳት፣ «እስኪለቀኝ እዚሁ እቀመጣለሁ።»